ዋስ ሁኚኝ ስትለኝ

እሁድ ነበር፤ ጥቅምት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው። ከቅዳሴ መልስ እንደወትሯችን ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለችው ምግብ ቤት የውስጠኛው ክፍል ተሰብስበን፣ ቡናው እየተቆላ ዕጣ ወጣ። ዳኛው ወረቀቷን ዘርግተው ቁጥሩን ሲያነቡ ከሁላችን በዕድሜ የምታንሰው ልጅ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። እልልታ ሆነ። 20 ሰዎች በወር 1,000 ዶላር የምንጥልበት እቁብ ነው፤ 11ኛው ዙር ለእሷ ደረሰ።

ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። የቀሩትን ወራት ሳያቋርጥ እንደሚጥል፣ ቢያቋርጥ ደግሞ ዋሱ እንደሚጥልለት መዝገብ ላይ ይፈረማል። ልጅቷ ዙሪያውን ቃኘችና ወደ እኔ መጥታ፣ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «እትዬ፣ ዋስ ትሆኝኛለሽ?» አለችኝ።

ያን ቀን የአሜሪካ መንግሥት በጀት ሳይጸድቅለት ቀርቶ ከተዘጋ 33ኛ ቀኑ ነበር። እኔም ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ ቤቴ ነበርኩ። የመንግሥትን ኮምፒውተር ሥርዓት እፈትሻለሁ እንጂ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም። መንግሥት ሥራውን ለአንድ ኩባንያ ሰጠ፣ ያ ኩባንያ ለሌላ አካፈለ፣ ሌላው ደግሞ እኔን ከአንድ ሠራተኛ አቅራቢ ተከራየ። መንግሥት ሲከፈት ወደ ሥራ ልመለስ አልመለስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ኮንትራቴ ራሱ ታኅሣሥ ላይ ያልቃል፤ ይታደስ እንደሆነም አላውቅም።

«እስከ እሁድ ጊዜ ስጪኝ» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ፈገግታዋ ግን ሲከስም አየሁት። አገሯን ከለቀቀች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መርጣ ወደ እኔ መጥታ፣ እስከ እሁድ ጠብቂ አልኳት።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ። ያን ሳምንት ሙሉ ያሰብኩትን ነው የምጽፈው።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበረች፤ የወሩ ሦስተኛ ሳምንት ሲገባ እናቴ ከሱቅ በዱቤ እንደምታመጣ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት በራችንን የሚያንኳኳ ሰው አይጠፋም። የጎረቤት ልጅ ገንዘብ ያዥ ሊሆን ዋስ ተጠይቋል፤ የሩቅ ዘመድ ልጅ መጋዘን ሊረከብ ዋስ ተጠይቋል። አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጽፋል። «የመሥሪያ ቤታችን ቋሚ ሠራተኛ መሆናቸውንና የወር ደመወዛቸውም ይህን ያህል መሆኑን እንገልጻለን» የሚል፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ። ያቺን ይዞ ሄዶ ይፈርማል።

አንዱ ካዝና አጉድሎ ጠፋ። ከአባቴ ደመወዝ በየወሩ ተቆረጠ፤ ረጅም ጊዜ ተቆረጠ። እናቴ አንድ ቀን ምርር ብሏት ስትናገር፣ «እኔ ባልፈርም ማን ይፈርምለት ነበር?» ብቻ አላት። በዚያው ዓመት ለሌላ ልጅ ፈረመ።

አማርኛችን ሥራ ሳያጡ የመኖርን ነገር «የሥራ ዋስትና» ይለዋል። ስንቴ ብዬው ስንቴ ጽፌው፣ ውስጡ «ዋስ» መኖሩን ልብ ያልኩት ያን ሳምንት ነው። ዋስ ሰው ነው። ስምና ፊት ያለው፣ ጉድለትህ የእኔም ይሁን ያለ ሰው። «ቋሚ» የሚለውም ቃል እንዲሁ። የጭቃ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ ቋሚ ይተከላል፣ ማገሩ በቋሚው ላይ ይያያዛል። አባቴ ቋሚ ሠራተኛ ነበር ስል አይባረርም ነበር ማለቴ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ይያያዝበት ነበር ማለቴ ነው። በድሮው የአገራችን ሥርዓት ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከከሳሹ ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ ቁራኛ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ዋስ ካለው በነጻነት ይሄዳል። ነጻነት የሚገኘው በሌላ ሰው ቃል ነበር ማለት ነው።

እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ። በአንድ ወር የማገኘው እሱ በዓመታት ያገኘውን ይበልጣል። ነገር ግን «ቋሚ ሠራተኛ መሆናቸውን እንገልጻለን» የሚል ወረቀት የሚጽፍልኝ ቢሮ በዚህ ምድር ላይ የለም።

እኤአ በ2006 በዲቪ መጣሁ። አምስት ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆንኩ። ያኔ በሰሜን ቨርጂንያ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ወሬ ነበር፤ እገሌ ታክሲውን አቁሞ ዳታቤዝ ተምሮ ቢሮ ገባ፣ እገሊት የሶፍትዌር ቴስቲንግ ተምራ ደህና ይከፍሏታል የሚል። ወሬው እውነት ነበር። በእኛው ሰዎች ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ ኮርስ ነበር፤ ገብቼ ተማርኩ። መምህሬ ቀን ቢሮ ውሎ ማታ የሚያስተምር አበሻ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ስሙን በምስጋና አነሳዋለሁ። ያ መንገድ ብዙ ቤት አቁሟል፤ ዛሬ አሌክሳንድሪያም ሆነ ላውደን ካውንቲ ቤት ከገዙት አበሾች ስንቶቹ በዚያ በር እንደገቡ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ያንን በር ልዘጋ አይደለም። ያኔ ማንም ያልነገረኝን ለሚቀጥለው ሰው ልንገር ብዬ ነው።

ያልተነገረኝ ይሄ ነው፦ በሩ ወደ ኮንትራት ነበር የሚያስገባው። በ13 ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ቦታ ሠራሁ። አራቱ በቀናቸው አለቁ፣ ሁለቱ ከቀኑ በፊት ተቆረጡ፣ አንዱን ትቼ ወጣሁ፣ አንዱ ቋሚ እናደርግሻለን እያለ ሁለት ዓመት ቆይቶ ፕሮጀክቱ ተሰረዘ። ዘጠነኛው የአሁኑ ነው።

የኮንትራቱን አሠራር ለማያውቅ ሰው በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንድ ጊዜ በስህተት የተላከልኝ ኢሜይል ውስጥ ስለ እኔ የተጻፈ ክፍያ መጠየቂያ አየሁ። ደንበኛው ለአንድ ሰዓት ሥራዬ 92 ዶላር ይከፍላል። እጄ የሚገባው 48 ነበር። የቀረው መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ከእያንዳንዱ እርከን የተወሰነ። ሁሉም ትርፍ ነው አልልም፤ ከዚያ ላይ ግብር አለ፣ የቢሮ ወጪ አለ። ነገር ግን 44 ዶላሩን በየሰዓቱ የሚወስዱት ሰዎች ለምንድን ነው የሚከፈላቸው ብዬ ስጠይቅ፣ የተሰጠኝ መልስ «ሪስኩን ስለሚሸከሙ» የሚል ነበር። ፕሮጀክቱ ሲታጠፍ እነሱ ሌላ ፕሮጀክት አላቸው። የታጠፈበት ሰው አንድ ብቻ ነው። ያን ሪስክ ስሸከም የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ያለ ክፍያ።

ደግሞ ማንን እንደምትጠይቅ አታውቅም። ከሁሉም የሚከፋኝ ይህ ነው። በአምስተኛው ኮንትራቴ አንድ ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሬ አልከፈት አለኝ። የይለፍ ቃሌ የጠፋብኝ መስሎኝ ድጋፍ ክፍል ደወልኩ፤ «አካውንትሽ ተዘግቷል፣ ኃላፊሽን ጠይቂ» አሉኝ። ኃላፊዬ ጋ ሄድኩ። ደግ ሴት ነበረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «እኔ የአንቺ አሠሪ አይደለሁም፤ ምንም እንዳልናገር ተነግሮኛል፤ አቅራቢሽን አናግሪ» አለችኝ። አቅራቢዬ ጋ ደወልኩ፤ «ደንበኛው አቋርጧል፤ ምክንያት መስጠት አይጠበቅበትም» አሉኝ። ሦስት ቦታ ጠይቄ ሦስቱም እኔ አይደለሁም አሉ። ዕቃዬን በካርቶን ይዤ ስወጣ፣ ለ14 ወር አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ሊፍቱ ድረስ ሸኘኝ። እሱ የቋሚ ሠራተኛ ሰማያዊ ባጅ አለው፣ የእኔ የኮንትራት ብርቱካናማ ነው። በዚያ 14 ወር ውስጥ አንድም ቀን የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ በዓል ላይ አብረን ተቀምጠን አናውቅም፤ ለብርቱካናማ ባጅ ግብዣ አይላክም ነበር።

ይህ የንቀት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ሕግ እንዳለው የገባኝ ቆይቶ ነው።

እኤአ በ1980ዎቹ ማብቂያ ማይክሮሶፍት «ፍሪላንሰር» እያለ የሚያሠራቸው ሰዎች ነበሩት። ከቋሚዎቹ ጋር አንድ ቢሮ፣ አንድ ሥራ፣ አንድ አለቃ፤ አንዳንዶቹ ለዓመታት። የራሳቸውን ግብርና ኢንሹራንስ ራሳቸው እንደሚችሉ ፈርመው ነበር የገቡት። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት የ1989 እና የ1990 መዝገቡን አይቶ፣ እነዚህ ሰዎች ተቀጣሪዎች ናቸው አለ። ሠራተኞቹም፣ ተቀጣሪዎች ከሆንን ለተቀጣሪ የሚሰጠው የአክሲዮን መግዣ መብት ለምን ተከለከልን ብለው በ1992 ከሰሱ። ክርክሩ ቪዝካይኖ በማይክሮሶፍት ላይ ተብሎ ይታወቃል። የይግባኙ ፍርድ ቤት በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም የሰውየውን ማንነት አይወስንም፣ ሥራው ነው የሚወስነው አለ። በ2000 መጨረሻ ኩባንያው 97 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሊከፍል ተስማማ።

ይህን ያነበብኩ ቀን ደስ አለኝ። ቀጥዬ የሆነውን ሳነብ ደግሞ ከፋኝ። ኩባንያዎቹ ከፍርዱ የተማሩት ሰዎቹን ቋሚ ማድረግን አልነበረም። ተቀጣሪ እንዳይመስሉ ማድረግን ተማሩ። ማይክሮሶፍት አንድ ዓመት የሠራ ጊዜያዊ ሠራተኛ ለ100 ቀን ከግቢው ይውጣ የሚል ደንብ አወጣ፤ በ2014 ደግሞ 18 ወር ከሠሩ በኋላ ለስድስት ወር መውጣት ተባለ። ሌሎችም ተከተሉ። አለቃው ሳይሆን አቅራቢው ነው የሚያሰናብትህ፣ በዓሉ ላይ አትጋበዝም፣ ሥልጠናው ላይ አትቀመጥም፣ የባጅህ ቀለም ይለያል፤ ነገ ፍርድ ቤት «ተቀጣሪ ነበርኩ» እንዳትል። ያቺ ደግ ሴት እንባዋን ዋጥ አድርጋ «እኔ አሠሪሽ አይደለሁም» ያለችኝ ከክፋት አልነበረም። ከ1992 ጀምሮ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነበር የምታነብልኝ። ሠራተኞች ያሸነፉት ክስ፣ በእኔ ዘመን ወደ ብርቱካናማ ባጅ ተቀይሮ ደረሰኝ።

ዛሬ ይህ የጥቂቶች ነገር አይደለም። ኒውዮርክ ታይምስ በ2019 እንደዘገበው ያን ዓመት መጋቢት ላይ ጉግል ውስጥ 121,000 ጊዜያዊና የኮንትራት ሠራተኞች ሲኖሩ ቋሚዎቹ 102,000 ነበሩ። ከግማሽ በላዩ እንግዳ የሆነበት ቤት ማለት ነው።

አገር ቤት ሕጉ በተቃራኒው ነው የሚጀምረው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፤ ለተወሰነ ጊዜ ነው የሚለው ወገን አዋጁ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች በአንዱ መግባት አለበት። አፈጻጸሙ ምን እንደሚመስል አዲስ አበባ ያሉ እህቶቼ ይነግሩኛል፤ እዚያም ኮንትራቱ በዝቷል። ቢሆንም የሕጉ መነሻ ሠራተኛው ይቆያል የሚል ነው። እዚህ መነሻው ማንም በማንኛውም ቀን ሊሄድ ይችላል የሚል ነው። ቋሚ የሚባለውም ቢሆን አሠሪው ከፈለገ ያለ ምክንያት ያሰናብተዋል። በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያ ሜታ 11,000፣ ጉግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000፣ አማዞን 18,000 ሰው ሲቀንሱ ሰማያዊ ባጅ የነበራቸው ወዳጆቼ በእኩለ ሌሊት ኢሜይል ተሰናበቱ። ግን ልዩነት አለ፤ ልዩነቱን ልሸፍነው አልፈልግም። ለእነሱ የወራት ደመወዝ ተሰጣቸው፣ በጋዜጣ ተቆጠሩ። ከ1988 ጀምሮ በጅምላ ለሚሰናበት ሠራተኛ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሕግ አለ። ለጊዜያዊ ፕሮጀክት መሆኑን አውቆ የተቀጠረ ሰው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያ ሕግ አይደርስለትም። ኮንትራቱ ያልታደሰለት ሰው «ተቀነሰ» እንኳ አይባልም፤ በየትኛውም ቁጥር ውስጥ የለም።

ገንዘቡን አይደለም የማዝነው፤ ገንዘቡ ሲኖር ደህና ነው። ስለ ቀኖቹ ልናገር። በሰዓት ስለምከፈል ያልሠራሁበት ሰዓት ዳቦ የለውም። ደንበኛው በፈረንጅ ገና እና በአዲስ ዓመታቸው መካከል ቢሮ ሲዘጋ ቋሚዎቹ እየተከፈላቸው ያርፋሉ፤ እኔ ሳምንቱን ባዶ እሆናለሁ፤ ከዚያ የእኛ ገና ይመጣል፣ ልጆቼ አዲስ ልብስ ይጠብቃሉ። ትኩሳት ይዞኝ ቢሮ የሄድኩባቸውን ቀናት አልቆጥርም። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ የያኔውን ኮንትራት ከጀመርኩ ዘጠነኛ ወር ሆኖኝ ነበር። ለወሊድ 12 ሳምንት ሥራህ ይጠበቅልህ የሚለው የፌዴራል ሕግ ለአሠሪው 12 ወርና 1,250 ሰዓት ለሠራ ሰው ነው የሚሠራው፤ እኔ በየጊዜው አሠሪዬ ይቀየራል፣ ሰዓቴ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። እርግዝናዬን በነገርኩ በሦስተኛው ሳምንት ኮንትራቱ አይታደስም ተባልኩ። ምክንያቱ ያ ነው ብዬ ማረጋገጥ አልችልም። ምክንያት የሚናገር አልነበረማ። ኢንሹራንሱን ለማቆየት አሠሪው ይከፍል የነበረውን ጨምሬ እስከ 102 በመቶ ራሴ መክፈል ነበረብኝ፤ ከፈልኩ፤ ልጄ ተወለደ፤ በአምስተኛው ሳምንት ጡቴ እያመመኝ ኢንተርቪው ተቀመጥኩ። ልጁ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። ከእሱ ጋር ያላሳለፍኳቸውን ሳምንታት ማንም አይመልስልኝም፤ ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

እኤአ በ2018 ታኅሣሥ መንግሥት ሲዘጋ ልጄ በጡት ላይ ነበር። 35 ቀን ተዘጋ። የመንግሥት ሠራተኞቹም ያለ ደመወዝ ከረሙ፤ ከባድ ነበር፤ አብረን አለቀስን። በጥር ሕግ ወጣ፤ የዚያን ጊዜውም ሆነ ወደፊት መንግሥት ሲዘጋ የሚቀርባቸው ደመወዝ ይከፈላቸው ተባለ። ተገቢ ነው። አነስተኛ ደመወዝ ላላቸው የኮንትራት ሠራተኞችም የሚሆን ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ ሕግ አልሆነም። ስንመለስ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጄ ደመወዟ ተጠቅልሎ ገብቶላት ደስ ብሏት ስትነግረኝ፣ አቅፌ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ከልቤ ነበር። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እኤአ በ2025 የተጀመረው መዝጋት ደግሞ 43 ቀን ቆየ፤ ከዚያ በፊት ያን ያህል የረዘመ አልነበረም። የእኔ 43 ቀን በማንም መዝገብ ላይ የለም።

ግን ያን ሳምንት መኪና ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት ስለ መዝጋቱ ቀናት አይደለም። ስለ ቃል ነው። ኮንትራት የወሰደብኝ ዋናው ነገር ወደፊት ላለ ጊዜ ቃል መስጠት መቻልን ነው። ለክርስትና ልጅ እናት ሁኚ ስባል ጊዜ ስጡኝ እላለሁ። እህቴ የልጇን የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አግዢኝ ስትል «ይህን መንፈቅ» እላለሁ እንጂ «እስኪጨርስ» አልልም። ባለቤቴ ቤት እንግዛ ሲል የኮንትራቴን ማለቂያ ቀን እቆጥራለሁ። ልጄ «በሚቀጥለው ክረምት አዲስ አበባ እንሄዳለን አይደል?» ሲለኝ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» እለዋለሁ። እናቴ ይህን ቃል ስትለው እምነት ነበር። እኔ ስለው ማምለጫ እንደሆነ ልጁ ገብቶታል።

ልጅቷም እንዲሁ ናት። ላውደን ካውንቲ፣ አሽበርን ከሚገኙት ዳታ ሴንተሮች፣ የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች ከሚቀመጡባቸው ሕንፃዎች፣ በአንዱ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ ሰርቨር ትተክላለች፣ ገመድ ትዘረጋለች፤ የስድስት ወር ኮንትራት። የዓለም ኢንተርኔት ትልቅ ድርሻ በዚያች ካውንቲ ያልፋል፤ ፎቶዎቻችንም፣ የባንክ ገንዘባችንም፣ ለእናቶቻችን የምንደውለውም። ያን ሁሉ ሌሊት ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ግን ከሚያዝያ በኋላ የት እንደሚሆን አያውቅም። ገንዘቡን የፈለገችው ባሏ ቪዛው ስለወጣ ነው። ከደባል ክፍል ወጥታ አፓርታማ ልትከራይ ስትሄድ፣ ደብዳቤዋ ላይ የኮንትራቱን ማለቂያ ቀን አይተው ተጨማሪ ወራት ቅድሚያ ክፈዪ አሏት። ዋስ የለሽማ ነው ነገሩ።

ሐሙስ ማታ ለእቁቡ ዳኛ ደወልኩ። ጡረታ የወጡ፣ 30 ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ያቺ ልጅ ዋስ ሁኚኝ ብላኝ ነበር» አልኳቸው። «እኔ ግን አሁን ሥራ ላይ አይደለሁም። ይታደስልኝ አይታደስልኝም አላውቅም። ሳልነግርዎ መፈረም አልፈለግኩም።»

ዝም አሉ። ከኋላቸው የዜና ድምፅ ይሰማል።

«አንቺ ዕጣ ወጥቶልሻል?» አሉኝ።

«አልወጣልኝም።»

«ስንት ጥለሻል?»

«እንደ ሁሉም ሰው ነዋ፤ 11,000።»

«እሷ የሚቀራት ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ዙር። 9,000።»

«እንግዲያ ምን ትጨነቂያለሽ ልጄ? ዕጣ ያልወጣለት ሰው ነው እኮ ዋስ የሚሆነው፤ የድሮም ደንቡ ነው። ብትጠፋ ካንቺ ዕጣ ላይ ይያዛል። ሥራሽን ማን ጠየቀሽ?»

13 ዓመት ሙሉ ሥራሽ የት ነው፣ ውሉ መቼ ያልቃል፣ ደብዳቤ አምጪ ስባል ኖሬ፣ ይህን ዓይነት ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ «ምን አሉሽ?» አለኝ፤ መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደብኝ።

እሁድ በጠዋት ሄድኩ። መንግሥት አሁንም ዝግ ነበር። ልጅቷ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ መጥታ ነበር፤ ነጠላዋን በሥራ ጃኬቷ ላይ ደርባ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ቀልቷል። ስታየኝ ተነሥታ ቆመች፤ ምን እንደምላት አላወቀችም። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ሰማያዊውን መዝገብ ገለጡ። በገጹ ላይ አምዶች ተሰምረዋል፦ ስም፣ የዕጣ ቁጥር፣ የዋስ ስም፣ የዋስ የዕጣ ቁጥር፣ ፊርማ። መሥሪያ ቤት የሚል አምድ ፈለግኩ፤ የለም።

«ቁጥርሽ ስንት ነበር?» አሉኝ።

«አሥራ ሰባት» አልኳቸው፤ ጻፉ፤ እስክሪብቶውን ሰጡኝ።